«በመንገዳችን ላይ» ገረሴ

አንድ የጉዞ አዘጋጅ በዚህ ሳምንት የበተነው ማስታወቂያ እኔም ስልክ ላይ ደረሰ። «አርባ ምንጭን በሁለት ቀን!» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ጫሞ ላይ ጀልባ፣ የአዞ ገበያ፣ ምሳ ዓሣ፤ ከሰዓት ዶርዜ፣ ሽመና፣ ቆጮ በዳጣ፣ ጭፈራ። እሑድ አርባዎቹ ምንጮች፣ የእግዜር ድልድይ ከነፎቶው፤ ከዚያ «በመንገዳችን ላይ ገረሴን ለ20 ደቂቃ እንጎበኛለን»።

በማን መንገድ ላይ? ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው አባያን በቀኙ ይዞ ወደ ሰሜን ነው የሚነዳው። ገረሴ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ ናት። ገረሴ በመንገዳችን ላይ እንድትሆን ወይ አዲስ አበባን ወደ ኮንሶ ማዛወር፣ ወይ የጋሞን ተራራ መናድ ይጠይቃል። ይህን ማስታወቂያ የጻፈ ሰው ገረሴን አላያትም፤ እንዲያያትም የሚያስገድደው የለም። የጉዞ ገበያችን እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የቦታ ስም ይደረደራል፣ ቀጥሎ በሰዓት ይካፈላል፣ የተረፈው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ነው።

የዚህ ዓምድ ነባር አንባቢዎች ወዴት እንደማመራ ሳይገባችሁ አልቀረም። አዎ፣ ስለ ብስክሌት ነው፤ ዛሬም። ባለፈው ስጽፍ «ቪ8 ስላልደረሰው ነው» ብሎ የላከልኝ አንባቢ ነበር። እውነት ነው፣ አልደረሰኝም። ቢደርሰኝም ግን ገረሴን ከመስታወት ጀርባ አላያትም ነበር።

ባለፈው ጥር ከእህቴ ልጅ ጋር የሄድንበትን መንገድ ልንገራችሁ። ልጁ ሳይክሉን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ተከራየ፤ እኔ የራሴን በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኜ ነው የወረድኩት። በኮንሶ መንገድ ተነሣን። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ «የጫሞን ዙሪያ በብስክሌት» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። በምሥራቅ በኩል ነጭ ሳርና የአማሮ ተራሮች አሉ፤ ሐይቁን ክብ አድርጎ የሚዞር መንገድ የለም። ያለን የምዕራቡ ዳር ነው፤ እሱም ቢሆን ዳር ለማለት ይከብዳል። በአስፋልቱና በውሃው መካከል ሙዝ አለ፣ ማንጎ አለ፣ በቆሎ አለ። ሐይቁ ብልጭ ብሎ ይታያችሁና ይጠፋል። ይህ ለጀልባ ቱሪስት ቅሬታ ሊሆን ይችላል፤ ለሳይክል ነጂ ግን ጥላ ነው። ቆላው በጥርም ያቃጥላልና የሙዝ ጥላ የሚናቅ አይደለም።

ልጆቹን ሳላነሣ አላልፍም። በደቡብ መንገዶች መኪና ባለፈ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚል ጩኸት ያልሰማ ተጓዥ የለም፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው የሚለምኑት። አንዳንዱ ቦታ እግራቸውን እያወናጨፉ ይጨፍራሉ፤ ከመኪናው ሳንቲም ይወረወራል። እኛን ግን ማንም ሃይላንድ አልጠየቀንም። እንዲያውም አቀበት ላይ ከኋላ መጥተው ገፉን። የእህቴ ልጅ ካቴና በወለቀ ጊዜ አንዱ ጎረምሳ ሳይጠየቅ ተንበርክኮ መለሰለት፤ እጁን በሙዝ ቅጠል ጠርጎ «ሳሮ» (ሰላም) ብሎን ሄደ። ልመናውን የልጆቹ ጠባይ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኔ የመኪናው ጠባይ ነው እላለሁ። ፈጥኖ የሚያልፍ ሰው ከሚወረውረው በቀር ምን ይዞ ይታያቸዋል?

አሁን ወደ ወንዞቹ። ሲሌ፣ ኤልጎ፣ ሴጎ፤ ሁሉም ከደጋው ወርደው አስፋልቱን ያቋርጡና ጫሞ ይገባሉ። በመኪና ድልድይ ማለት «ዱብ» የምትል ድምፅ ናት። በሳይክል ድልድይ ማረፊያ ነው፤ ትቆማለህ፣ ውሃ ትጠጣለህ፣ ወደ ታች ታያለህ። ወደ ታች ስታይ ደግሞ የወንዙ ግርጌ ከክረምት ጎርፍ በተረፈ አፈርና ድንጋይ ተሞልቶ ታገኘዋለህ። የሁለቱን ሐይቆች ቀለም ልዩነት ሁላችንም ፎቶ አንሥተናል፤ አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ። አስጎብኚው «ተፈጥሮ ነው፣ ድንቅ ነው» ይላል። ድንቅ መሆኑ አያከራክርም። አባያን ያቀላው ግን ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ አልዘቅጥ ያለ ደቃቅ አፈር ነው። አባያ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ሐይቅ ነው። ያን የሚያህል ውሃ ለማቅላት ስንት ማሳ እንደታጠበ አስቡት።

ወደ ጫሞም የሚወርደው አፈር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የፈለገ ሰው ሽቅብ፣ ወደ ገረሴ ይውጣ።

የገረሴ አቀበት የሚጋለብ አይደለም፤ ቢያንስ ለእኔ። ወርጄ ስገፋ አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ከኋላ ደርሰው አዩኝና «ልጄ፣ እሱ ነው አንተን የሚሸከመው ወይስ አንተ ነህ እሱን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ትንፋሽም አልነበረኝም። እሳቸው ቀድመውኝ ሄዱ። እዚህ ላይ ስለ ባይራ ላውራ። በዚሁ በጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ አጽሙ የተገኘው፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ማለቴ ነው። ዘረ መሉ በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም ሙሉ ዘረ መል ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ተመራማሪዎቹ በዘረ መሉ ውስጥ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ለመኖር የሚረዳ ምልክት አግኝተዋል። ሴትየዋን ሳይ ነገሩ ያለ ላቦራቶሪ ገባኝ። የእኔ ቤተሰብ አጭር ትንፋሽ ነው ያወረሰኝ። (የሁለት ቀኑ ማስታወቂያ ላይ ባይራ የለም። ጥንታዊቷ ብርብር ማርያምም የለችም። ዋሻም ቤተ ክርስቲያንም እግር ይፈልጋሉ፤ እግር ደግሞ ሰዓት ይበላል።)

ከፍ ባልን ቁጥር ሙዙ ቀርቶ እንሰቱ መጣ፣ ገብሱ መጣ፣ ብርዱም መጣ። ያኔ ነው ነገሩ የሚታየው። ከአንደኛው ኩርባ አጠገብ ተዳፋቱ እስከ ጫፉ ታርሷል፤ መሐሉን ውሃ ሰንጥቆት ሰው የሚያስገባ ቦይ ሆኗል። ከዚያ ኩርባ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ጥድና ኮሶ፣ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ። የጋሞ ደጋ የተከበሩ ደኖች ናቸው። አይቆረጡም፣ አይታረሱም፤ ማን ይገባል፣ መቼ ይገባል የሚለው በባህሉ የታወቀ ነው። ያለ ደን ጠባቂ፣ ያለ ታፔላ የቆዩ ናቸው። ሁለቱን፣ የተሰነጠቀውን ማሳና ደኑን፣ በአንድ ትንፋሽ ርቀት ያሳየኝ አቀበቱ ነው። ታች ሲሌ ድልድይ ላይ ያየሁት አፈር ቤቱ እዚህ ነበር። የጫሞ ነገር የሚወሰነው ጀልባው መነሻ ላይ ሳይሆን ገረሴና ገረሴን በመሳሰሉ ደጋዎች ላይ ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር 20 ደቂቃ ውስጥ አይታይም።

ከተማዋን ለማድነቅ ግነት አያስፈልግም። ደጋ ከተማ ናት፣ ጭጋግ አላት፣ ገበያ አላት። ያደርንበት ቤት ባለቤት ጎመን በበቆሎ ቂጣ አቀረቡልን፣ የሳይክሎቹን ጎማ በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መረመሩና «ለነገው ቁልቁለት ፍሬኑን ነው ማየት» አሉ። ልክ ነበሩ። አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን አደባባይ፣ ዱቡሻውን፣ አሳዩን። ሜዳ ነው፤ ጥቂት መቀመጫ ድንጋዮች አሉት። ፎቶ የሚነሣለት ነገር የለውም። ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል ከተነሡ ወጣቶች ፊት አርባ ምንጭ ላይ ለምለም ሣር ይዘው የተንበረከኩት የጋሞ አባቶች የተማሩት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። አገር ሁሉ ያንን ፎቶ ተቀባበለ፤ ሜዳውን ለማየት የሄደው ስንት ነው? ሐውልት ብቻ ታሪካዊ ቦታ የሚመስለን ከሆነ ጋሞን ሳናይ እንሞታለን።

«ብስክሌት የድሃ ነው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ይሁን። «የውጭ ሰው ነገር ነው» ለሚሉኝ ግን ትንሽ እዘረጋለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን። እነ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ያሉበት ቡድን በጎዳና ውድድር 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ገና አልሮጠም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ዝዋይ ያደገ ሰው ብስክሌት እንዴት የውጭ እንደሚሆን አይገባውም። ካቴና የምንለው፣ ፍሬን የምንለው፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከአያቶቻችን ጋር የኖረ ነው። ለሯጭ መንገድ ዘግተን አጨበጨብን፤ ለብስክሌተኛ ግን ዳር እንኳ ነሣነው።

እዚህ ላይ ነው ጸቤ። በኮንሶ መንገድ ላይ ሞታችንን ያየነው በአዞ አይደለም፤ ሙዝ ጭኖ በሚከንፍ አይሱዙ ነው። ከአስፋልቱ ነጭ መስመር ውጪ የቀረን ሁለት መዳፍ የማይሞላ ጠጠር ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ቦይ። የሙዝ ገበሬው ምርቱን በሳይክል ገፍቶ የሚሄደውም፣ ተማሪዋ ደብተሯን ታቅፋ የምትሄደውም፣ ከብቱም እዚያው ጠጠር ላይ ነው። ስለ ቱሪስት ብስክሌት ልጽፍ ተነሥቼ ስለ ተማሪዋ እየጻፍኩ መሆኔ ይታወቀኛል። ለኔና ለእህቴ ልጅ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ጉዞ ነው፤ ለእሷ የየዕለት ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ከመጋቢት በኋላ ዝናቡ አቀበቱን ጭቃ ያደርገዋል። ቆላው ወባ አለበት፣ አጎበር ጠይቁ። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ያዙ፤ ከአርባ ምንጭ ወጥታችሁ ጎሚስታ ስትፈልጉ እንዳይመሽባችሁ። ፍሬናችሁን ሳታስፈትሹ ከገረሴ አትውረዱ።

መንገድ ለምትሠሩ፣ ለምታጸድቁ፣ ገንዘብ ለምትፈቅዱ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የአርባ ምንጭ–ኮንሶ አስፋልት በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ፣ ወደ ደጋውም የሚወጡት መንገዶች ሲሠሩ፣ በግራም በቀኝም አንድ ሜትር ተኩል ዳር ጨምሩበት። የተነጠፈ፣ ደረጃው ከአስፋልቱ እኩል የሆነ፣ መኪና የማይቆምበት ዳር።