«ሙስሊም አይጠጣም» እያልን ስንት ወንድም እንቅበር?



በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የመጠጥ ነገር በተነሣ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ይሄ የኛ ችግር አይደለም፤ ሙስሊም አይጠጣም።» ሙስሊም መጠጣት የለበትም፤ ልክ ነው። ኸምር ሐራም ስለመሆኑ ከማንም ጋር አንከራከርም። «አይጠጣም» ማለት ግን ውሸት ነው። ከመግሪብ በኋላ በጋቢ ተሸፋፍኖ አረቄ ቤት የሚገባውን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አላውቅም የሚለው ጀማዓው ብቻ ነው፤ እሱም እያወቀ።

ይህን ልጅ «ኢማን የለውም» ብለው የሚዘጉት ወገኖች አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። ረመዳን ሲገባ ለምን ያቆማል? ብዙዎቹ ሠላሳውን ቀን አይቀምሱም። ዒዱ ካለፈ በኋላ ግን ይመለሳሉ። ኢማኑ በአንድ ሳምንት ተንኖ ነው? በረመዳን ምን እንደነበረው እዩ፦ መግሪብ ላይ ከሰው ጋር ያፈጥራል፣ ከዒሻ በኋላ ተራዊሕ ይቆማል፣ ሌሊት ለሱሑር የሚቀሰቅሰው አለ። ያ ክፉ ሰዓት ሲመጣ ብቻውን አያገኘውም። በሸዋል ሰዓቱ ይመለሳል፤ ሰው ግን የለም። የተነጠቀው ጀማዓውን ነው።

ይህንኑ ነገር ሌሎች ቀድመውን ሥራ ላይ አውለውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ፣ መጠጥ ሕይወታቸውን ያበላሸባቸው ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሐኪም ነበሩ። ጠጪ ከጠጪ ጋር በግልጽ ሲነጋገር ብቻውን ያልቻለውን እንደሚችል አዩ። ከዚያ የተነሣው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ዛሬ አዲስ አበባን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ይሰበሰባል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ክፍያ የለም፣ የአባት ስም አይጠየቅም፣ ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይፈርድም። አዲስ የገባው ደግሞ ቀድሞ ያቆመ ሰው ስልክ ይዞ ይወጣል፤ አምሮቱ ሲነሣ ይደውላል። ደርስ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ደርስ ላይ ኡስታዙ ይናገራል፣ ልጁ ይሰማል። እዚህ ልጁ ይናገራል።

«የክርስቲያን ነገር ነው» ይሉናል። ሥሩ እዚያ መሆኑን አንክድም። ታዲያ የአሜሪካ ሙስሊሞች ምን አደረጉ? በ1989 ባልቲሞር ላይ «ሚላቲ ኢስላሚ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አሥራ ሁለቱን እርከኖች በኢስላም መሠረት አስተካክለው ይሰበሰባሉ። እነሱ ያንን ሁሉ ሲሠሩ እኛ ከመስጂዱ አንድ ክፍል መክፈት ያቅተናል?

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ «ወንጀልን አውጥቶ መናገር ሙጃሃራ ነው፤ አላህ የሸፈነውን አትግለጥ» የሚለው ነው። ሐዲሱን እናውቀዋለን። ግን ወንጀሉን እንደ ጀብዱ የሚያወራና ከወንጀሉ መውጫ ፈልጎ የሚናገር እንዴት አንድ ይሆናሉ? ኢማም ነወዊ «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው ይህን ለይተውታል፦ መውጫውን ያሳየኛል ብሎ ተስፋ ለሚያደርግበት ሰው መናገር ችግር የለውም፤ እንዲያውም መልካም ነው ብለዋል። የስብሰባው የመጀመሪያ ደንብም እዚህ የሰማኸውን እዚህ ተወው ነው። ሸፍኖ መያዝ ማለት ይህ ነው። ይልቅ ወንጀልን የሚገልጠው የሰፈር ሐሜት ነው፤ በሱ ላይ ኹጥባ ሲደረግ ብዙም አንሰማም።

በቡኻሪ የተዘገበውንም አስታውሱ። በመጠጥ ደጋግሞ ተይዞ የሚቀጣ አንድ ሰሓባ ነበር። አንድ ሰው ቢረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረም፤ ከጀማዓው ግን አልተባረረም።

በነገራችን ላይ፣ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ነው። አረቄ ቤት ግን መቼ በቴሌቪዥን አስተዋውቆ ያውቃል?

ውድ ወንድማችን፣ አንድ ነገር ልብ በል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ስትጠጣ ከኖርክ፣ ነገ ብድግ ብለህ «ወላሂ አልነካም» ብለህ በርህን አትዝጋ። ሰውነት መጠጡን በድንገት ሲያጣ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ፣ የሌለ ነገር ሊያሳይ፣ ሊገድልም ይችላል። ተውባህ ዛሬ ይሁን፤ አወጣጥህ ግን በሐኪም ይሁን። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። መታከም የኢማን ጉድለት ነው የሚልህን አትስማው። ከሕክምናው በኋላ ስብሰባ ፈልግ። አዲስ አበባ ለሥራም ለትምህርትም ያለህ እዚያው ጠይቅ፤ ርቀህ ያለህ በስልክህ መሳተፍ ትችላለህ።

የኛ አገር መንገድና ኔትወርክ ግን ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የደብረ ማርቆስ፣ የደጀን ወይም የፍኖተ ሰላም ልጅ በየሳምንቱ ዓባይን ተሻገር ሊባል አይችልም። ስለዚህ ለየመስጂዱ ኮሚቴ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ፣ አንድ ክፍል። ስም አይመዝገብ፤ በሩ ላይ ምንም አይለጠፍ። ለእህቶች የተለየ ክፍልና ሰዓት ይኑር፤ የሚጠጡ እህቶች የሉም የሚለውም ያው የመጀመሪያው ውሸት ነው። መሪው ቀድሞ ያቆመ ወንድም ይሁን እንጂ ሸይኽ መሆን የለበትም። ሻይ እናፈላለን፣ ቅሪቦም ከቤት እናመጣለን። የክፍሉን ቁልፍ ብቻ ስጡን።