ቀመር መሸምደድ ፊዚክስ መማር አይደለም

የማክስዌልን አራት እኩልታዎች በቃሉ የሚወጣ የፊዚክስ ተማሪ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ «ዳይቨርጀንስ ምንድን ነው? ከርልስ?» ሲባል በገዛ ቋንቋው የሚያስረዳ ማግኘት ነው።

መልሱ ግን ሩቅ አልነበረም። ዳይቨርጀንስ ምንጭ ነው፤ መስኩ ከአንድ ነጥብ ምን ያህል እንደሚፈልቅ ይለካል። ከርል አዙሪት ነው፤ መስኩ በዚያ ነጥብ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዞር ይናገራል። የፋራዳይ ሕግም «የሚለዋወጥ ማግኔት የኤሌክትሪክ አዙሪት ይፈጥራል» ከማለት አይዘልም። ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት የህዳሴ ግድብ ጄኔሬተር መብራት የሚያመነጨው በዚሁ ሕግ ነው። ታዲያ ይህን ለተማሪው መንገር ለምን ከበደ?

ምክንያቱም ሒሳቡና ፊዚክሱ ተፋትተዋል። ቬክተር ካልኩለስ፣ ፉሪየር፣ ማትሪክስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን በአንድ ኮርስ ታጭቀው፣ ለምን እንደሚጠቅሙ ሳይነገር ይታለፋሉ። ኤሌክትሮማግኔቲዝምና ኳንተም ላይ ሲደረስ ደግሞ «ይህን ተምራችኋል» ተብሎ ይዘለላል።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው ጽሑፍ 20 እኩልታዎች ነበሩት። ዛሬ ወደምናውቃቸው አራቱ በቬክተር ያሳጠራቸው በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት የተወው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። ሃይዘንበርግም በ1925 ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ውጤቱ የሚቀየር እንግዳ ማባዛት ላይ ሲደርስ ማትሪክስ መሆኑን አላወቀም፤ የለየለት ማክስ ቦርን ነው። የቦታና የሞመንተም «እርግጠኛ አለመሆን» መርሕ መነሻው ይኸው የማባዛት ቅደም ተከተል ነው። ሒሳቡ የፊዚክሱ ጌጥ ሳይሆን ራሱ ፊዚክሱ ነው ማለት ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። የክራር ክር ሁለት ጫፉ ስለታሰረ የፈለገውን ድምፅ ሁሉ አያወጣም፤ በርዝመቱ ውስጥ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ግማሽ ሞገዶች መግጠም አለባቸው። በብረት ሳጥን የተዘጋ የማይክሮዌቭ ሞገድም እንዲሁ ነው። በጠባብ ጉድጓድ የታሰረ ኤሌክትሮንም እንዲሁ። የኳንተም «የኃይል ደረጃ» የሚባለው ተአምር ከክራሩ ክር የራቀ አይደለም፤ ድንበሩ ነው ምርጫውን የሚወስነው። ይህን አንዴ የተረዳ ተማሪ ሦስት ኮርስ በአንድ ቁልፍ ይከፍታል። ያልተረዳው ሦስት የተለያየ ቀመር ይሸመድዳል፣ ከፈተናው ማግስትም ይረሳል።

ፈተናውም ሽምደዳውን ይሸልማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። ምርጫ የመጨረሻውን መልስ ያያል እንጂ መንገዱን አያይም። ፊዚክስ ደግሞ መንገዱ ነው።

«ተማሪው ከታች ደክሞ ነው የሚመጣው» የሚሉ መምህራን አሉ። እውነት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምረው ማን ነው? ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ተመራቂ አይደለም ወይ? ሸምድዶ የወጣ መምህር የሚሸመድድ ተማሪ ያፈራል፤ ያ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ «ደካማ» ይባላል። አዙሪት ማለት ይህ ነው፤ መቁረጥ የሚችለውም ዩኒቨርሲቲው ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። እያንዳንዱ የሒሳብ ዘዴ ከሚፈታው የፊዚክስ ጥያቄ ጋር አብሮ ይሰጥ። በየፈተናው ቢያንስ አንድ ቀመር ከመነሻው ተነስቶ በጽሑፍ ይውጣ። ተማሪውም ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ በሚናገረው ቋንቋ «ይህ ምልክት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ።

መመለስ ካቃተው፣ ዲግሪው የሚመሰክረው ለትውስታው እንጂ ለእውቀቱ አይደለም።