ስሪዲው ያምራል፤ ቤቱስ?

ዲላ ላይ ቤት ልትሠሩ ፕላን ካዘዛችሁ፣ ቀድሞ እጃችሁ የሚገባው ስሪዲው ነው። በስልክ ይላካል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ በሩ ላይ ነጭ መኪና የቆመበት። ቤተሰቡ ሁሉ ይቀባበለዋል። የማርኬቲንግ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ያ ምስል ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ክፉ ነገር አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ቤት ግን አይሠራበትም።

የአንዲት ባልደረባዬ ወላጆች ከቡና ባጠራቀሙት ገንዘብ ጂ+1 አስገነቡ። ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ረጅም ሰው ጎንበስ ካላለ ግንባሩ ከቢም ጋር ይጋጫል። የአርክቴክቱ ሥዕል ለብቻው ትክክል ነበር፣ የስትራክቸር መሐንዲሱም እንዲሁ። ሁለቱ የተገናኙት ግን ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው። አባትየው ዛሬም እንግዳ ሲያስገቡ "ጭንቅላትዎን!" ይላሉ።

ድሮ አርክቴክት በቲ-ስኩዌርና በራፒዶግራፍ ይስል ነበር፤ ሲሳሳት ቀለሙን በምላጭ ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውቶካድ ምላጩን አስቀረ እንጂ መስመሩ ያው መስመር ነው፤ ፕላኑ ሲታረም ሴክሽኑም ለብቻው መታረም አለበት። በሬቪት ወይም በአርኪካድ የሚሠራ ሞዴል ግን ሌላ ነው። ግድግዳው እንደ ግድግዳ ይገባል፤ ከነውፍረቱ፣ ከነብሎኬቱ። አንድ ቦታ ሲለወጥ በሁሉም ሥዕል ላይ ይለወጣል፣ የዕቃው ብዛትም አብሮ ይቆጠራል። አሠራሩ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢም ይባላል (ከኮንክሪቱ ቢም ጋር ሞክሼ መሆኑ ፎርማኖችን ማደናገሩ አይቀርም)።

ለጌዴኦ ይህ ቅንጦት አይደለም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የመዘገበው መልክዓ ምድራችን እንሰትና ቡና የለበሰ ተዳፋት ነው። ተዳፋት ላይ ገንዘብ የሚበላው የማይታየው ነው፤ ቁፋሮው፣ ሙሌቱ፣ የድጋፍ ግንቡ። የቦታው ከፍታና ዝቅታ ተለክቶ ሞዴሉ ውስጥ ከገባ፣ ምን ያህል አፈር እንደሚወጣ ዶማ ሳይነሳ ይታወቃል። ስሪዲው ላይ መሬቱ ሁልጊዜ ሜዳ ነው።

ሁሉም ሰው ያስፈልገዋል አልልም። ለሁለት ክፍል ሰርቪስ ጥሩ ወረቀትና ጠንቃቃ ግንበኛ ይበቃል። ፕሮግራሞቹ በዶላር የሚገዙ፣ ጉልበታም ኮምፒውተር የሚፈልጉ ስለሆኑ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። የተሳሳተ ልኬት ካስገባችሁበትም የሚያወጣው የተሳሳተ ቤት ነው።

ፎቅ ከሆነ ግን፣ በተለይ ተዳፋት ላይ፣ ክፍያውን ሳትጨርሱ ከአርክቴክቱ ጎን ተቀመጡ። "እስቲ ፕላኑ ላይ ይህን መስኮት ግማሽ ሜትር ወደ ግራ ይውሰዱልኝ፣ ከዚያ የፊት ገጽታውን ሥዕል ይክፈቱልኝ" በሉ። አብሮ ከሄደ ሞዴል አላችሁ። "ነገ አስተካክዬ እልካለሁ" ካሏችሁ የገዛችሁት ሥዕል ነው። ቀጥሎ የስትራክቸሩን ደርበው ከደረጃው እስከ ቢሙ ያለውን ከፍታ ያንብቡላችሁ። ከ2 ሜትር በታች ከሆነ ስሚንቶ ሳይገዛ ይታረማል።