ሕግ አውጪም፣ ባለአክሲዮንም

ስለ አረብ አገራት የንግድ ዓለም ሲወራ «ሕጋቸው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እኛ አንስማማም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ ከዘመኑ ብዙ አልራቀም። ግብፅ በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣችውን የኩባንያ ሕግ በ2018 አሻሽላ የአንድ ሰው ኩባንያ ፈቅዳለች። ሳዑዲ የ1965ቱን ሕግ በ2015፣ እሱንም በ2022 ቀይራለች። ኤምሬትስም «51 ከመቶው የአገሬው ይሁን» የሚለውን የቆየ ግዴታ በ2020 ባወጣችው ድንጋጌ ለብዙ ዘርፎች አንስታለች።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ሕጉን የሚያወጣው፣ ገበያውን የሚቆጣጠረውና ትልቁን አክሲዮን የያዘው ያው አንዱ መንግሥት መሆኑ ጋ ነው።

አራምኮን እንይ። በዲሴምበር 2019 ከአክሲዮኑ 1.5 ከመቶ ያህሉ ለገበያ ቀርቦ 25.6 ቢሊዮን ዶላር ተገኘበት። ሽያጩ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ግን ትንሹ ባለአክሲዮን ቅር ቢለው ማንን ይከሳል? የኛ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በኖቬምበር 2017 ሪያድ ውስጥ ልዑላንና ነጋዴዎች በሙስና ስም ሲታሰሩ የኛው ሼህ መሐመድ አል አሙዲም አብረው ተይዘው በጃንዋሪ 2019 ተፈትተዋል። መንግሥት በዘመቻው ከ400 ቢሊዮን ሪያል በላይ የሚገመት ንብረት፣ ኩባንያና ጥሬ ገንዘብ ማስመለሱን ተናግሯል። አብዛኛው የተመለሰው ግን በዝግ ድርድር እንጂ በግልጽ ችሎት አልነበረም። ሙስና ነበረ ወይስ አልነበረም? ማስረጃው በችሎት ስላልተሰማ ሕዝቡ ሊፈርድ አይችልም።

«ያለ መንግሥት ነዳጁም ወደቡም አይለማም ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የኖርዌይ መንግሥትም ከነዳጅ ኩባንያው ኢኩዊኖር 67 ከመቶውን ይዟል። ልዩነቱ እዚያ ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ላይ መፍረድ መቻሉ ነው። ስለዚህ ክርክራችን መንግሥት አክሲዮን አይያዝ የሚል አይደለም፤ የያዘ ዕለት ከሌላው ባለአክሲዮን እኩል ይቁም ነው።

ዱባይም ይህን የተረዳች ይመስላል። በ2004 ላቋቋመችው የፋይናንስ ማዕከል በእንግሊዝ ሕግ ወግ የሚሠራ የራሱን ፍርድ ቤት ሰጥታዋለች። ባለሀብት ከሁሉ በፊት ነጻ ዳኛ እንደሚፈልግ ካወቁ ግን፣ ይህ ዋስትና በአንድ ሰፈር አጥር ውስጥ ለምን ይቀራል?

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። አዲሱ የንግድ ሕጋችን በ2021 ወጥቷል፤ በ2024ም መንግሥት ከኢትዮ ቴሌኮም 10 ከመቶ አክሲዮን ለሕዝብ ለሽያጭ አቅርቧል። የሕጉን አንቀጽ ከመቁጠራችን በፊት ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ ትንሹ ባለአክሲዮን ትልቁን ቢከስ የሚረታበት ችሎት አለ ወይ?