የቬኒስ የውኃ አባት

በአውሮፓ ቋንቋዎች ለአጭር የከተማ ጉብኝት ራሱን የቻለ ስም ወጥቶለታል፤ ትርጉሙም ዓርብ ማታ ተሳፍሮ፣ ቅዳሜንና እሑድን በአንዲት ጥንታዊት ከተማ አሳልፎ፣ ሰኞ ጠዋት ከሥራ ገበታ ላይ መገኘት ነው። በአማርኛ «ሽርሽር» የሚለው ቃል ለዚህ ቢቀርብም፣ ሽርሽር ደርሶ የመጣ ሰው አየር ተቀብሎ መጣ ይባላል እንጂ አገር ዐወቀ አይባልም፤ የአውሮፓው ጎብኚ ግን ዐወቅሁ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ዕውቀቱንም «ቬኒስ በ48 ሰዓት» በሚል ዓይነት ርእስ ለተከታዩ ባለ ሳምንት ያስተላልፋል። ሰሞኑን የዚህን ዓምድ ሰላም የነሣው ይኸው የጉዞ መርሐ ግብር ነው። ጠዋት የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ፣ ቀትር ላይ በ1591 ተሠርቶ ያለቀው የሪያልቶ ድልድይ፣ ማታ ደግሞ ጎንዶላ በሚባለው ቀጭን ጥቁር ጀልባ ቦይ ለቦይ መንሸራሸር እየተባለ ሁሉም በሰዓት ተሸንሽኖ ተቀምጧል፤ መቼ መተንፈስ እንደሚፈቀድ ብቻ ነው ያልተጻፈው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቬኒስ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ ጥልቀት በሌለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፣ በ118 ያህል ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተመሠረተች፣ ከ400 በላይ ድልድዮች ያሏት፣ ዋና መንገዷም ውኃ የሆነ ከተማ ናት። በ1951 በአሮጌው ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ቤቱ የእንግዳ ማደሪያ እየሆነ፣ ኪራዩም እየተወደደ ሲሄድ ግን ነዋሪው ወደ ዋናው ምድር ፈልሶ ዛሬ ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወርዷል። በ2024 የከተማዋ አስተዳደር ሳያድር ለሚመለስ ጎብኚ በተወሰኑ ቀናት 5 ዩሮ የመግቢያ ዋጋ ቆርጧል። በክፍያው ይህ ዓምድ ቅሬታ የለውም፤ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ካለችው ከሲሪንቃ በወልድያ በኩል የሚደረስባት ላሊበላ የውጭ እንግዳን ለዓመታት 50 ዶላር ስታስከፍል የኖረች በመሆኗ፣ በዚህ ስሌት ቬኒስ ርካሽ ናት። ቅሬታው በሰዓቱ ላይ ነው።

የዚህ ዓምድ ነባር አንባቢ ወሬው ከቬኒስ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያመራ ሳይገምት አይቀርም። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊበን፣ ኢትዮጵያ ከዓለም ተነጥላ ሺህ ዓመት ያህል እንዳንቀላፋች ከጻፈ ወዲህ ይህን የሚደግም ሰው አልጠፋም፤ አንዳንዱም የአገር ልጅ ነው። ከእነዚህ «ተኝተው ነበር» ባዮች ጋር ያለው ጠብ አሮጌ ስለሆነ እዚህ በዝርዝር አይነሣም፤ አንዲት ዓመት መጥቀስ ይበቃል። በ1402 የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባት የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች፣ የፍሎረንሱን ተወላጅ አንቶኒዮ ባርቶሊን አስቀድመው፣ አራት ነብሮችና ጥሩ መዓዛ ያላቸው ቅመሞች ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ነብር ይዞ ቬኒስ የገባ እንግዳ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚመደብ አዘጋጆቹ ቢያስቡበት ይበጃል። መልእክተኞቹ የመጡበት ጉዳይ ነበራቸው፤ ከወራት በኋላ ሲመለሱም እደ ጥበበኞችና ለቤተ ክርስቲያን የሚሆኑ ውድ ዕቃዎች ይዘው ነው። ቬሬና ክሬብስ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ወደ አውሮፓ የላኩት ጠመንጃ ልመና ሳይሆን ንዋያተ ቅድሳትን፣ ማለትም ለቅዳሴና ለቤተ መቅደስ ክብር የሚውሉ ዕቃዎችን፣ እንዲሁም ባለሙያዎችን ፍለጋ እንደ ነበረ በሰፊው አስረድተዋል፤ «የለማኝ ነገሥታት» የሚለውን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች መጽሐፉን ካላነበቡ፣ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።

ከ1402 በኋላም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። በ1450 አካባቢ በቬኒስ ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ የአገራቸውን አውራጃዎች፣ ወንዞችና ተራሮች በገዛ እጃቸው ሥለው ያሳዩት የሐበሻ ካህናት መሆናቸውን እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይ፣ ተከዜና አዋሽ በዚያ ካርታ ላይ አሉ። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሣለ በመሆኑ ኢትዮጵያ ከላይ፣ ቬኒስ ደግሞ ከታች ተቀምጠዋል፤ ይህ አቀማመጥ ለዚህ ዓምድ ፈጽሞ አይከፋውም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ፣ ወደዚያ የደረሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ፣ ከአገራቸው እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ በቀን ጉዞ እየቆጠረ መዝግቧል። ከመነኮሳቱ የተሰበሰበው ይህ የመንገድ ዝርዝር የዚያ ዘመን የጉዞ መመሪያ ነው ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ መመሪያውን የሰጡት እንግዶቹ፣ የተቀበለው ባለ አገሩ መሆኑ ነው።

የእሑድ ጠዋቱ ጎብኚ የሚያየው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ከሐበሻ የራቀ ነገር አይደለም። በቬኒስ ትውፊት መሠረት ሁለት ነጋዴዎች በ828 የወንጌላዊውን ዐፅም ከእስክንድርያ አውጥተው ሲጭኑ፣ የወደቡ ፈታሾች እንዳይነኩት በዐሣማ ሥጋ ሸፍነውታል፤ ቬኒሳውያንም ይህን ድርጊት አላፈሩበትም፣ እንዲያውም በመስተዋት ጠጠር ሥዕል በግድግዳቸው ላይ ሥለውታል። እስክንድርያ የማርቆስ መንበር ናት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የራሷን ፓትርያርክ እስከ ሾመችበት እስከ 1959 ድረስ በዚያ መንበር ሥር ነበረች፣ ጳጳሷም ለዘመናት የመጣላት ከዚያ ነበር። ስለዚህ አንድ የሀብሩ ቄስ በዚያ አደባባይ ቢቆም፣ የቆመው የተሰረቀ የቤቱ ዕቃ በጎረቤት ሳሎን ተቀምጦ እንዳየ ሰው ነው። በ1968 ከዐፅሙ ከፊሉ ወደ ካይሮ ሲመለስና አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ተገኝተው ነበር። የ48 ሰዓቱ መርሐ ግብር ስለዚህ ሁሉ የሚለው «ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ትኬት አስቀድሞ መግዛት ይመረጣል» ብቻ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘም ቬኒሳዊ አለ፤ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለው ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ መርቆርዮስ ተብሎ፣ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አግኝቶታል። እንደሚተረከው ሠዓሊው እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ሥሎ ትልቅ ቁጣ ቀስቅሷል፤ በአገሩ ልማድ ግራ እጅ የክብር እጅ አይደለችምና። ያም ሆኖ አገሩ ሠዓሊውን አላባረረውም፣ እሱም አልሄደም። እንግዳ አንድን አገር የሚያውቀው ተሳስቶ፣ ተቆጥተውት፣ ከቆየ በኋላ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ለመሳሳት እንኳ ጊዜ የለም።

ከዐፄ ዳዊት ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ ወደ ወሎ ይመልሳል። ግማደ መስቀሉ፣ ማለትም የጌታ መስቀል ክፋይ፣ በአምባሰል በምትገኘው በግሸን አምባ ማረፉን ምእመናን ያምናሉ፤ ትውፊቱ መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን በግብፅ በኩል እንደ መጣና ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግሸን እንዳስቀመጡት ይናገራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች የመስቀሉን ክፋይ ከ1402ቱ የቬኒስ መልእክት ጋር ያያይዙታል። ይህ ክርክር በአንድ ዓምድ አያልቅም፣ ለምእመኑም አያስፈልገውም። የሚያስገርመው ግን መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ከሀብሩና ከአካባቢው የሚነሣ ተሳላሚም የሚቆየው አንድ ሌሊት ወይም ሁለት መሆኑ ነው፤ በሰዓት ከተቆጠረ ከቬኒሱ ጎብኚ አይበልጥም። ስለዚህ የዚህ ዓምድ ክስ በሰዓቱ ላይ ነው የተባለው ትንሽ መሻሻል ይኖርበታል፤ ተሳላሚው ስእለት ይዞ ሄዶ ጸበልና እምነት ይዞ ይመለሳል፣ ዳገቱንም በእግሩ ወጥቶ ከፍሏል፣ የመጣበት ጉዳይ ስላለው ሌሊቱ አያንሰውም።

ጉዳይ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቬኒስ ውስጥ የሚታየው ነገር ደግሞ ከድልድዩ ይልቅ ጉድጓዱ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለቬኒስ የተተረተ ይመስላል፤ በአራቱም ማዕዘን ውኃ የከበባት ይህች ከተማ የምትጠጣው አልነበራትም፣ ባሕሩ ጨው ነውና። ስለዚህ በየሰፈሩ አደባባይ መሬቱን ቆፍረው፣ ጎኑን ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ አፈር ለጥፈው፣ ውስጡን በአሸዋ ሞልተው፣ መካከሉ ላይ የጉድጓድ አፍ ያቆሙ ነበር፤ ዝናቡ ከጣሪያና ከአደባባይ ተጠራቅሞ በአሸዋው ይጣራና ወደ መካከሉ ጉድጓድ ይገባል። ዝናብ ሲጠፋም ውኃ ከወንዝ በጀልባ ይመጣ ነበር። ከዋናው ምድር በቧንቧ ውኃ የገባላት በ1884 ነው። ጉድጓዶቹ ክዳን ያላቸው፣ የሚቆለፉ ነበሩ፤ ቁልፉ በሰፈሩ አለቃ እጅ ነበር፣ ጉድጓዱም ደወል ተደውሎ በተወሰነ ሰዓት ተከፍቶ ይዘጋ ነበር። እንግዲህ ጎንዶላና ጭምብል የሚሸጥባት ቬኒስ ለዘመናት የኖረችው ቁልፍ በያዘ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሰው በወሎ ስም አለው። ወንዝ ተጠልፎ ማሳ በሚጠጣበት ሥፍራ ሁሉ፣ ገበሬዎቹ ከመካከላቸው የሚመርጡት፣ ተራ የሚያወጣ፣ ሌሊት ቦይ ሰብሮ ውኃ የሰረቀውን የሚዳኝ፣ ክረምት ሲወጣ ለቦይ ጠረጋ ሰው የሚጠራ «የውኃ አባት» ይባላል። ጠለፋ ማለት ከወንዙ ላይ በድንጋይና በቅጠል ውኃውን ገድቦ ወደ ቦይ ማስገባት ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፣ በፈረሰ ቁጥርም ይሠራል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው አውቶቡስ መርሳን አልፎ ሲሪንቃን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያቋርጣት በመሆኑ፣ ተሳፋሪው የሚያየው የግብርና ምርምር ማዕከሉን ሰሌዳና አንድ ረድፍ ሱቅ ብቻ ነው፤ በመንገዱ ዳር ውኃ እየቆጠረ የሚኖር ሰው መኖሩን ለማየት መስኮቱ ይጠበዋል። ምርምሩ ራሱ የዚሁ ስሌት አካል ነው፤ ዝናብ ቶሎ በሚያቆምበት አገር የሚደርስ፣ አቀንጭራንም የሚቋቋም ማሽላ ፍለጋ። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጥ፣ አበባው ግን እጅግ የሚያምር አረም ነው። ይህ ዓምድ ጎብኚን ሁሉ አቀንጭራ አይልም፤ ኪራይ ያፈናቀለው ቬኒሳዊ ቢል ግን አይከራከረውም።

የቬኒስና የሀብሩ ጭንቀት በአንድ ቃል ይገናኛል፤ ደለል። ቬኒሳውያን ጠባብ ቦዮቻቸውን በየጊዜው በሁለት ጫፍ ዘግተው፣ ውኃውን ቀድተው፣ ጭቃውን ያወጣሉ፤ ያልተጠረገ ቦይ ይሞላል፣ ይሸታል፣ ጀልባም አያሳልፍም። ባሕሩ ራሱ ሲነሣ ደግሞ ጠረጋ አይበቃም፤ በኅዳር 1966 ውኃው ከተለመደው ልክ 194 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሳንቲሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋታል። ለዚህ የተሠራው መከላከያ፣ በሦስቱ የወሽመጡ በሮች የባሕር ወለል ላይ የተኙ፣ አየር ሲሞሉ ተነሥተው ባሕሩን የሚያግዱ 78 የብረት መዝጊያዎች ያሉት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቅምት 2020 ተነሥቶ ከተማዋን አድኗል። በአሠራሩ ብዙ ቢሊዮን ዩሮ የፈጀ ጠለፋ ነው፤ ቅጠሉ ብረት፣ ድንጋዩ ሲሚንቶ ሆነ እንጂ።

የድሮዎቹ የጉድጓድ አፎች ዛሬም በየአደባባዩ አሉ። በብዛት የተጠረቡት ከነጭ ድንጋይ ነው፣ አብዛኞቹም በብረት ክዳን ተደፍነዋል፤ ደወልም ቁልፍም የለም። መርሐ ግብሩ በሁለተኛው ቀን ለምሳ የመደበውን ግማሽ ሰዓት ብዙ ጎብኚ የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው። በሀብሩ ቦይ ዳር የተቀመጠ ሰው ግን ተረኛው አካፋውን ይዞ ሲመጣ ተነሥቶ ያሳልፋል።