ጎርጎራ፦ የእንግዳው ማረፊያ፣ የአርሶ አደሩ ማሳ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ለምትገኘው ጎርጎራ እንግዳ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ከመመሥረቷ በፊት ዐፄ ሱስንዮስ መናገሻቸው አድርገዋት ነበር። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው በዚሁ ስፍራ ነው። በግድግዳ ሥዕሎቿ የምትታወቀው ደብረ ሲና ማርያም ዛሬም ምእመናንንና ጎብኚዎችን ታስተናግዳለች። በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር የመዝናኛ መንደር ከተሠራ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ጎልቶ ይነሣል፤ እንግዳው ሲመጣ የደንቢያ አርሶ አደር ምን ያገኛል?

የጎብኚው ቁጥር በአካባቢው ሰላም ላይ መመሥረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው የራሱ ወቅት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጥምቀት በዓል በጥር ወር ብዙ ሕዝብ ወደ ጎንደር ይስባል። ለዚያ ገበያ ሽንኩርት ለማድረስ ችግኙ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መግቢያ ላይ ከመደብ ወደ ማሳ መዛወር አለበት። በጾም ወራት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የማይጾም የውጭ እንግዳ ለወተት አምራቹ ተጨማሪ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሆቴል የሚፈልገው በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚደርስ ምርት ነው። ይህን አንድ አርሶ አደር ብቻውን አይችለውም፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ መጠንና ዋጋ በውል ታስሮ ሲቀርብ ግን ይቻላል። ያለዚያ አትክልቱ ከሩቅ ገበያ ተጭኖ በአርሶ አደሩ ደጅ ያልፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሐይቁ ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም የታንኳ መንገድ ይዘጋል፣ የዓሣ መረብ ይይዛል፣ የባሕር ዳርቻ ግጦሽንም ይወርራል። አረሙን የሚመግበው በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከከተሞች የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። ከጎንደር በኩል የሚወርደው የመገጭ ወንዝ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ስለዚህ የጎርጎራ ውበት የሚጠበቀው በተራራው ላይ በሚሠራ እርከንና በከተማው በሚደረግ የፍሳሽ ቁጥጥር ጭምር ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የባሕር ሸሽ መሬት ነው። ውኃው ሲሸሽ ሽምብራ የሚዘራበት እርጥብ መሬት ለጎብኚው መልክዓ ምድር፣ ለአርሶ አደሩ እንጀራ፣ ለዓሣው ደግሞ መራቢያ ነው። የትኛው ዳርቻ እንደሚታረስ፣ የትኛው ደንገልና ሣር ለብሶ እንደሚቀመጥ ከነዋሪው ጋር ተመክሮ ወሰኑ አስቀድሞ ካልታወቀ ክርክሩ የሚነሣው ዘር ከተዘራ በኋላ ይሆናል።

የመዝናኛ መንደሩ ስኬት በክፍሎቹ ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ከደንቢያ ማሳ ወደ ማእድ ቤቱ የሚገባው ምርት መጠንም ሌላው መለኪያ ነው። ሐይቁን ጠብቆ የሚያቆየው ከሐይቁ የተጠቀመ ነዋሪ ነውና።