የሚጥል በሽታ ስላለበት ውሻ

ውሻ በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ ያየ ሰው «አብዷል» ብሎ ዱላ ያነሣል። ዳሩ ግን ይህ በሰው ላይ የምናውቀው የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ይልና፥ ጥቂት ከተደናገረ በኋላ ጌታውን ያውቃል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ግን እየባሰበት ሄዶ፥ ምልክቱ ከታየበት በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ቢወድቅ፥ ሳይነኩ ለብቻው ዘግቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት እንጂ ለመግደል መቸኰል አይገባም።

የተከተበውንም ቢሆን፥ ምላሱን ይውጣል ብላችሁ እጃችሁን ወደ አፉ አትስደዱ፤ ምላሱን አይውጥም፥ እጃችሁን ግን ሳያውቅ ይነክሳል። ክብሪት ማሽተትንማ ለሰውም አንመክርም! ከደረጃና ከእሳት አርቃችሁ ደቂቃውን ቍጠሩ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐኪሙ ፌኖባርቢታል የተባለውን ኪኒን ያዘዘለት እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። ተሻለው ብሎ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ስለሚያብሰው፥ ለሥራ ወደ ገጠር የምትወጡ ሁሉ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።